መልካ ቁንጡሬን በአንድ ሙሉ ቀን፦ የአዋሽን ዳር ከታች ወደ ላይ ማንበብ

የምኖረው አለም ገና ነው። ቅዳሜ ጠዋት በቡታጅራ መንገድ ስንት መኪና ሙሉ ጎብኚ ሲያልፍ አያለሁ። አብዛኛው ትክል ድንጋዮቹን ለማየት ወደ ጢያ ነው የሚሄደው። እግረ መንገዱን መልካ ቁንጡሬ ጎራ ይላል። ሙዚየሙን ሃያ ደቂቃ ይዞራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወጣል። ማታ ሲመለስ «ምን አያችሁ?» ብትሉት፣ «ድንጋይ» ይላችኋል።

እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ግን የወንድሜን ልጆች ይዤ ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጅ ከቦረቦሩ ግድግዳ ፊት ቆመች። ጣቷን ቀስራ «ይሄ ነጭ መስመር ምንድን ነው?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። አስጎብኚውን ጠየቅን። «አመድ ነው፤ የእሳተ ገሞራ አመድ» አለን። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ቦታው በሙሉ ሌላ ሆነብኝ። አሁን ዘመድ ወዳጅ ይዤ ስሄድ ሁልጊዜ በዚያ መስመር ዙሪያ ነው የምዞረው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ መንገድ የደረስኩበትን አካሄድ ነው።

መጀመሪያ የማስጠነቅቃችሁ አንድ ነገር አለ። ከጢያ ጋር አትደርቡት። ጢያ ሌላ ቀን ይገባዋል። መልካ ቁንጡሬ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ቦታው ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዋሽ የቡታጅራን መንገድ የሚያቋርጥበት አካባቢ ነው። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 እስከ 2,200 ሜትር ይደርሳል። በወንዙና ወደ ወንዙ በሚገቡት ቦረቦሮች ዳርና ዳር ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ የሰው ልጅ የሠራው፣ የበላው፣ የረገጠው ነገር ተቀብሯል። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1963 የታወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ የኔዘርላንድ የውኃ ጥናት ባለሙያ አካባቢውን ሲያጠና ነው። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቁፋሮውን መራ። በኋላ የጣሊያን ተመራማሪዎች ቀጠሉበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ «መልካ ቁንጡሬና ባልጪት» በሚል ስም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ።

መቼ ይኬዳል?

ጥቅምት አጋማሽና ኅዳር ተወዳዳሪ የላቸውም። ክረምቱ ግድግዳውን አጥቦታል፤ ንብርብሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ዝቋላ ከሩቅ ይታያል። ጤፉ ወደ ቢጫ ይለወጣል። መስከረምም በአደይ አበባው ያምራል፤ መሬቱ ግን ገና አልጠነከረም። ክረምት ላይ አትሂዱ። ያ መረሬ አፈር ጫማ ላይ ሲለጠፍ አንድ እግር ሁለት ኪሎ ይመዝናል። ቦረቦሩም በድንገት ይሞላል። ጥርና የካቲት አቧራው ያስቸግራል፤ ሆኖም ይቻላል።

ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታና ቦታው ክፍት ስለመሆኑ ጠይቁ። በስልክ ማጣራት ወይም በቅርቡ ከሄደ ሰው መስማት በቂ ነው።

ምን ይያዝ?

ሽፍን ጫማና ባርኔጣ ግድ ነው። በዚያ ከፍታ ፀሐዩ ነፋስ ስላለ አይታወቅም፤ ማታ ግን አንገታችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ። ለመግቢያና ለአስጎብኚ ጥሬ ገንዘብ፣ ዝርዝር ቢሆን ይመረጣል። ቆሎ ወይም ዳቦ ያዙ፤ አጠገቡ ባለችው ከተማ፣ መልካ አዋሽ ላይ፣ ምግብ ቤት አለ፣ ግን ልጅ የያዘ ሰው እስከዚያ መጠበቅ አይችልም።

ከእነዚህ ውጪ ሦስት ነገር እላለሁ። አንድ፣ መስመር የሌለው ደብተርና ባለ ቀለም እርሳስ። ሁለት፣ ትንሽ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ልጆች ለትምህርት ቤት የሚገዙት ዓይነት። ሦስት፣ የአንድ ብር ሳንቲም። ድንጋይ ፎቶ ስታነሡ ሳንቲሙን አጠገቡ አድርጉት፤ አለበለዚያ ቤት ስትደርሱ ጡብ ይሁን ጠጠር አይለይም።

መዶሻ፣ አካፋ፣ ድንጋይ መሰብሰቢያ ከረጢት ቤት ይቅር።

መንገድ ላይ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። አለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥ ያለው ወደ ሰበታና ጅማ ነው፤ ወደ ግራ የሚታጠፈው የቡታጅራው ነው። የራሳችሁ መኪና ከሌለ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መኪና ያዙና «መልካ አዋሽ ወራጅ» በሉ።

ጉብኝቱ እዚህ ይጀምራል። ልጆቹን መስኮት አጠገብ አስቀምጧቸውና ተራሮቹን በስም አስጠሯቸው። ወደ ኋላ ስትዞሩ ፉሪና ወጨጫ አሉ። በግራ ርቆ የረር ይታያል። ፊት ለፊት ወደ ግራ ሲል፣ ሜዳው ላይ ብቻውን የተቀመጠው ዝቋላ ነው፤ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት። አራቱም በጥንት ዘመን እሳት የተፉ ተራሮች ናቸው። ይህን አሁን ንገሯቸው። በኋላ ግድግዳው ላይ ነጩን መስመር ሲያዩ ያስታውሱታል። እንዲህ ያለው አመድ የሚመጣው ከእነዚህ ዓይነት ተራሮች ነው።

መጀመሪያ ወንዙን እዩ

እንደደረሳችሁ ወደ ሙዚየሙ አትሩጡ። ከድልድዩ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ ወንዙ የሚታይበት ደህና ቦታ ቁሙ። ከባድ መኪና ስለሚበዛ ልጆችን እጃቸውን ያዙ። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።

አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ግንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር አካባቢ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ሉሲ የተገኘችበት ሐዳርም በዚሁ ወንዝ ታችኛው ተፋሰስ ነው ያለው። እዚህ የምታዩት ገና ልጅ እግሩን አዋሽ ነው።

አሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ውኃው የትኛውን ዳር እየበላ ነው? አሸዋና ጠጠር የሚጥለው የት ላይ ነው? ከብቶቹ ለመጠጣት በየት በኩል ይወርዳሉ?

እነዚህን ከመለሳችሁ የቦታው ታሪክ ግማሹ ገብቷችኋል። ምክንያቱም በዚያ ዘመንም የሆነው ይኸው ነው። እንስሳ ለውኃ ይመጣል። ሰው እንስሳውንና ውኃውን ተከትሎ ይመጣል። ወንዙ ከላይ ያንከባለለው ድቡልቡል ድንጋይ ለመሣሪያ ይሆናል። ሰው ሥራውን ጨርሶ፣ አጥንቱንና ስንጣሪውን ጥሎ ይሄዳል። ጎርፍ ይመጣና በደለል ይሸፍነዋል። አንዳንዴ ተራራው ይፈነዳና አመድ ያለብሰዋል። ከረጅም ዘመን በኋላ ደግሞ ያው ወንዝ አቅጣጫውን ቀይሮ የቀበረውን ይቆርጠዋል። ቅርሱን ያቆየልንም የሚያጥበውም አዋሽ ራሱ ነው። ለዚህ ነው ዳሩ ላይ መውጣትና መናድ የማይፈቀደው። አንድ እግር ያፈረሰው አፈር ውስጥ ምን እንደነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ሙዚየሙ

ሙዚየሙ በክብ ጎጆዎች የተከፈለ ነው። ሁሉንም ጽሑፍ ለማንበብ አትሞክሩ፤ ጉልበታችሁ ያልቃል። እኔ የምመክረው ስለ መሬቱና ስለ እሳተ ገሞራው የሚያወራውን ክፍል አስቀድሞ ማየት ነው። ብዙ ሰው ያልፈዋል። የራስ ቅል ስለሌለው አይማርክም። ግን ቁልፉ እሱ ነው። ከዚያ የእንስሳቱን አጥንት፣ በመጨረሻ የድንጋይ መሣሪያውን።

ከመሣሪያዎቹ ሦስት ብቻ ምረጡና ሳሏቸው። መሳል ስትጀምሩ ዓይናችሁ ይከፈታል። የእጅ መጥረቢያ የሚባለውን ስትስሉ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ታስተውላላችሁ። ያ ሰው ድንጋዩን ከመምታቱ በፊት የሚወጣውን ቅርጽ በአእምሮው ይዞት ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ሥዕሌን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ስስል ነው።

ስለ ሰዎቹ እዚህ ጋ ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገር አለ። ጋርባ 4 ከሚባለው ቁፋሮ የአንድ ሕፃን የታችኛው መንጋጋ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ነው የተገኘው። በ2023 የታተመ ጥናት ሕፃኑ ሆሞ ኢሬክተስ ከተባለው የጥንት የሰው ዝርያ መሆኑን፣ ዕድሜውም 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ቋሚ ጥርሶቹ ገና ከድዱ አልወጡም ነበር። ተመራማሪዎቹ በጨረር አማካይነት መንጋጋው ውስጥ የተደበቁትን ጥርሶች አይተው ነው የለዩት። በዚያ ዘመን እዚህ ደጋ ላይ፣ ሌሊቱ በሚበርድበት ከፍታ፣ እናት ልጇን ታቅፋ ትኖር ነበር ማለት ነው። አፈሩ ውስጥ የቀረው የአበባ ብናኝም የደጋ ዕፅዋት እንደነበረ ይመሰክራል። ሰው በቆላ ብቻ ነበር ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጎምቦሬ፦ ነጩን መስመር ፈልጉ

ከሙዚየሙ ከአስጎብኚ ጋር በእግር ወደ ጎምቦሬ ትሄዳላችሁ። ጎምቦሬ፣ ጋርባ፣ ሲምቢሮ የሚባሉት ስሞች የቦረቦሮች ስም ናቸው። ብቻችሁን አትሂዱ። አንደኛ፣ መንገዱ በሰው ማሳ አጠገብ ያልፋል። ሁለተኛ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ የቆማችሁበት መሬት ራሱ ቅርስ መሆኑን አታውቁም።

የተቆረጠ የአፈር ግድግዳ ፊት ስትደርሱ እንዲህ አድርጉ።

ከግድግዳው አምስት እርምጃ ያህል ራቁ። ተጠግቶ የሚያይ ሰው አፈር ብቻ ነው የሚያየው። ራቅ ሲባል መስመሮቹ ይወጣሉ። ዓይናችሁን ከግርጌው አስጀምሩ። ታች ያለው ቀድሞ የተቀመጠ ነው፤ ላይ ያለው በኋላ የመጣ። እንጀራ ሲደረደር የመጀመሪያው ታች እንደሚሆነው ማለት ነው። አሁን ደብተራችሁ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ሳጥን ሳሉና የምታዩትን ንብርብር ከታች ጀምራችሁ በቀለም ሙሉት።

ድቡልቡል ጠጠር የተደረደረበት ካያችሁ፣ እዚያ ወንዙ በኃይል ይፈስ ነበር። ደቃቅ አሸዋ ከሆነ ውኃው ረጋ ብሎ ነበር። ጥቁር ወይም ቡናማ ጭቃ ከሆነ ረግረግ ወይም ጎርፍ የተኛበት ሜዳ ነው። ነጣ ወይም ግራጫ ያለ፣ ዱቄት የመሰለ ቀጭን መስመር ካገኛችሁ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ ሊሆን ይችላል። አስጎብኚያችሁን ጠይቁ።

ይህች መስመር የቦታው ሰዓት ናት። አመዱ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ክሪስታሎች ፖታሲየም አላቸው። ከፖታሲየሙ የተወሰነው ዓይነት በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ተራራው ሲፈነዳ ሙቀቱ የቀድሞውን አርጎን ያስወጣዋል፤ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ዛሬ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ ፍንዳታው መቼ እንደነበረ ይታወቃል። ከአመዱ በታች ያለው ድንጋይ ከዚያ ይቀድማል፤ ከላይ ያለው ይከተላል። ድንጋይ ራሱ ዕድሜውን አይናገርም፤ የተጠረበበትን ቀን የሚነግረን በላዩና በታቹ ያለው ነው።

ጎምቦሬ ላይ የተቆፈረውን ወለል እንዳለ ያቆዩበት መጠለያ አለ። ድንጋዩና አጥንቱ ከአፈሩ ሳይነሣ፣ የተገኘበት ቦታ ላይ ይታያል። እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ስጡ። መጀመሪያ የተበታተነ ጠጠር ይመስላል። ቆይታችሁ ስታዩ ግን አንዱ ጥግ ላይ ስንጣሪ ይበዛል፤ ሌላው ጋ አጥንት። በጎምቦሬ ጉማሬ ተበልቷል። አዎ፣ ጉማሬ። ዛሬ በዚህ ዳር የሚሰማራው በሬና በግ ነው፤ ያኔ ግን ጉማሬ ሞልቶ ነበር።

በዚሁ በጎምቦሬ ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የታተመ የእግር አሻራም ተገኝቷል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በአንዲት ትንሽ ኩሬ ዳር፣ ጭቃ ላይ፣ የአዋቂዎችና የልጆች እግር ታትሟል። ከልጆቹ ውስጥ አንድና ሁለት ዓመት የሚሆናቸው አሉበት። አጠገባቸው የጉማሬና የሌሎች እንስሳት ዱካ አለ። በዚያው ቦታ የጉማሬ ሥጋ ይቆረጥ፣ ድንጋይ ይጠረብ ነበር። ልጆቹ አዋቂዎቹ ሲሠሩ እያዩ ነበር ማለት ነው። ከዚያ አመድ መጥቶ ሸፈነው። ነጩ መስመር እንደገና። የወንድሜ ልጅ ይህን ስትሰማ ጫማዋን አውልቃ የእግሯን መጠን ደብተሯ ላይ በእርሳስ ከበበችው። ማንም አላዘዛትም። ከዚያ ወዲህ እኔም ልጅ የያዘ ሰው እንዲህ እንዲያደርግ እነግራለሁ።

የተቆፈረ ሁሉ ክፍት ሆኖ እንዲታይ አትጠብቁ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ለጥበቃ ሲባል ተመልሶ በአፈር ይሸፈናል። ይህ መልካም ነገር ነው።

ሰው የጠረበውን ድንጋይ እንዴት እንለይ?

ይህ ክፍል ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ግን አንዴ ከለመዳችሁት ዕድሜ ልክ አይጠፋችሁም።

ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ስንጣሪ ይወጣል። ስንጣሪውን በማጉያው ስታዩት የተመታበት ጫፍ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ አለ። ከዚያ ሥር በውስጠኛው ፊት፣ የጣት ጫፍ የምታህል እብጠት ትኖራለች። ከእብጠቷ ጀምሮ፣ ጠጠር የተጣለበት ኩሬ ላይ እንደሚታየው፣ ክብ ክብ ሞገድ ይዘረጋል። ጠፍጣፋ፣ እብጠት፣ ሞገድ። ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ሰው መትቶት ሊሆን ይችላል። ስንጣሪ የወጣለት ዋናው ድንጋይ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ጉድጓዱን ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጠባሳ በተከታታይ፣ ከአንድ ወገን የተመታ። ፀሐይና ውርጭ የሰነጠቀው ድንጋይ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። ውኃ ያንከባለለው ደግሞ ጠርዙ ይዶለዱማል።

አብዛኛው መሣሪያ ከሁለት ዓይነት ድንጋይ ነው። አንዱ ጠቆር ያለ፣ ከባድ፣ ደረቅ ፊት ያለው ባዛልት። ሁለተኛው ባልጩት። ባልጩትን ሁላችንም በስም እናውቀዋለን። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርሙስ የመሰለ ድንጋይ ነው። በእርግጥም ጠርሙስ ነው፤ ቀልጦ የወጣው ድንጋይ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር። አስጎብኚው ስንጣሪ ይዞ ሲያሳያችሁ ቀጭኑን ጠርዝ ወደ ፀሐይ እንዲያዞረው ጠይቁት። መሐሉ ድቅድቅ ጥቁር ነው። ጠርዙ ላይ ግን ብርሃን ያልፋል፤ ጭስ የጠጣ ብርጭቆ ይመስላል። ጠርዙን በጣት አትንኩ። ምላጭ ነው።

አሁን ስለ ኪስ ላውራ። በዚያ ሁለተኛ ጉዞ የአሥራ አንድ ዓመቱ የወንድሜ ልጅ አንድ ቁራጭ ባልጩት አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ጠባቂው አይቶታል። አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ «የኔ ልጅ፣ የቱ ጋ ነበር?» አለው። ልጁ ዞር ዞር አለ። ወደ አንዱ ጠቆመ፣ ወደ ሌላው ጠቆመ። ሊያሳየው አልቻለም። ጠባቂው «ጋሼ፣ አዩ? አሁን የት ንብርብር እንደነበረ ማንም አያውቅም» አለኝ። ልጁ ድንጋዩን መለሰ፤ ቦታውን ግን መመለስ አልቻለም። ከላይ ያልኳችሁን አስታውሱ፦ የድንጋዩን ዘመን የሚናገረው ያለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከመኪና ስትወርዱ ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በዓይን፣ በእርሳስ፣ በፎቶ። በእጅ አይሆንም።

ሕጉም ይኸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር አይቻልም፤ በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። አንድ የተለየ ነገር ብታዩ አታንሡት። ሳንቲሙን አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡና ለጠባቂው አሳዩ።

ወፍና ዛፍ

ከ5 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፤ ወፎቹም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ከጎምቦሬ ስትመለሱ ጥላ ፈልጋችሁ አረፍ በሉና የቀረውን ማዳመጥ ነው። ከከብቶቹ ኋላ የሚከተሉት ነጫጭ ወፎች ሳቢሳዎች ናቸው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መንቁሩ ወፍራም ቁራ ካያችሁ በደንብ እዩት። ለእኛ የሰፈር ቁራ ነው፤ የውጭ ሰው ግን እሱን ለማየት አገር አቋርጦ ይመጣል፤ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር የትም የለማ። ግራሩን ከባሕር ዛፉ ለዩ። ግራሩ የአገሩ ነው። ባሕር ዛፉ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ከዚህ መሬት ዕድሜ አንጻር ትናንት ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ፦ ባልጪት

ጉልበት ከቀራችሁ ወደ ባልጪት ሂዱ። ከመልካ ቁንጡሬ ወደ ሰሜን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንደሩ ስም ራሱ ከድንጋዩ የመጣ ነው። የባልጩቱ ምንጭ እዚህ ነው፤ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቆጥሯል። መሬቱ ላይ ጥቁር ስብርባሪ ተበትኖ በፀሐይ ያብለጨልጫል። መጀመሪያ ያየ ሰው የጠርሙስ ፋብሪካ የፈረሰ ይመስለዋል።

የመልካ ቁንጡሬ ሰዎች ይህን ድንጋይ ያወቁት ከጥንት ነው። በሲምቢሮ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ የባልጩት መጥረቢያ ሥፍራ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ጥናት ከ578 መሣሪያዎች ከሦስቱ በቀር ሁሉም ከባልጩት የተሠሩ ናቸው። ባልጩት ለመጥረብ አስቸጋሪ ነው። ትንሽ ስትስቱ ይሰበራል፣ እጅም ይቆርጣል። እነዚያ ግን አንድ ዓይነት ሥራ እየደጋገሙ በጥንቃቄ ሠርተውታል።

እዚህ መሬት ላይ ያለው ስብርባሪ ሁሉ የጥንት አይደለም። ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ባልጩት እየጠረቡ ቆዳ ይፍቁበት ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሰው እየተመላለሰ ድንጋይ የወሰደበት ቦታ ላይ ነው የቆማችሁት። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ ስለዚህ ጠይቁ። እኔ ከየትኛውም የሙዚየም ሰሌዳ በላይ የተማርኩት እንዲህ ካለ ጨዋታ ነው።

ባልጪት መንደር ነው፤ ሰው ይኖርበታል፣ ያርስበታል። «አካም ጅርቱ?» ብሎ ሰላምታ መስጠት ይቀድማል። ማሳ ውስጥ ሳያስፈቅዱ አይገባም። ሰውና ቤት ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ስብርባሪው ላይ በሰንደል ጫማ አትርገጡ፤ ልጆችም እንዳይንበረከኩ። እዚህም ቢሆን ምንም አይነሣም፣ ምንም ያህል ቢበዛ። የሚሸጥ ቢቀርብላችሁም አትግዙ፤ ገንዘባችሁን ለአስጎብኚውና ለቡናው ስጡ።

መመለሻ

10 ሰዓት ሲሆን መኪና ውስጥ ሁኑ። ከዚያ በኋላ ወደ አለም ገና የሚገባው ጭነት መኪና ይበዛል፤ ሲመሽም መንገዱ ላይ ከብትና ጋሪ አለ። ምግብ ያልበላችሁ ከሆነ መልካ አዋሽ ላይ ብሉ። ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ አይጠፋም።

ጢያን፣ ከዐለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምንም በሌላ ቀን አንድ ላይ ማየት ይቻላል። ሁለቱ እርስ በርስ ይስማማሉ።

ጉዞው ከመረሳቱ በፊት፣ በሚቀጥለው እሑድ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ልጆቹን ይዛችሁ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። ደብተሩን አትርሱ። ሉሲ ጋ ስትደርሱ የአዋሽን ካርታ አውጡና ከግንጪ ጀምራችሁ በጣት ተከተሉት፤ መልካ ቁንጡሬ፣ ቆቃ፣ ከዚያ ወደ አፋር ወርዶ ሐዳር። ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ከዚያ የጎምቦሬን ሳጥን ገልጣችሁ ልጆቹን ጠይቁ፦ እሷን በዚህ ሥዕል ላይ ብናስገባት፣ ከነጩ መስመር ምን ያህል ዝቅ እናደርጋታለን? የእኛዋ ልጅ ወረቀቱ አልበቃ ብሏት ከታች ሌላ ወረቀት ቀጠለችበት።